ስሙ የማይጠራ ሥር

መድኃኒት አዋቂው ኦቦ ቀጄላ የቤታቸውን በር እንኳ ሳይዘጉ ከኡርጂ ጋር ወጨጫ ተራራን ቁልቁል ተያያዙት። የኡርጂ ወንድም ገመቺስ ያበደ ውሻ ነክሶት፣ ትናንት ሽማግሌው የሰጡትን ሥር በጥብጦ ጠጥቶ ነበር። ዛሬ ሰበታ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተኝቷል፤ ሲያስመልሰው አድሮ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። ሐኪሟ ማሪቱ «የጠጣው ምን እንደሆነ ካላወቅኩ በጭፍን ነው የማክመው» ስላለች ኡርጂ ተራራውን በሩጫ ወጣችው።

«ማሎ ኦቦ ቀጄላ፣ ስሙን ብቻ ንገሩኝና ልደውል» ስትል ተማጸነቻቸው።

«አባቴ አስምሎኛል ልጄ። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይከሽፋል። ለሐኪሟ ራሴ በጆሮዋ እነግራታለሁ።»

ኡርጂ ልትጮህባቸው ፈለገች፤ ዋጥ አደረገችው። ተቆጥተው ቢመለሱስ?

ጫካው አፋፍ ላይ በረዶ ያዛቸው። የጽዱን ቅርንጫፍ እየቀነጠሰ ጀርባቸውን ገረፈው። ጋብ ሲል ኡርጂ በጭቃው እየተንሸራተተች ቀደመች፤ ሽማግሌው በድንገት ክንዷን ጨምድደው ያዙት። ከፊታቸው፣ መንገዱ መሀል፣ ነብር የገደለውን ጥጃ ታቅፎ ተኝቷል። አፉ ደም በደም ነው።

«አትሩጪ» አሉ ድምፃቸውን ቀብረው። «ጀርባሽን አትስጪው።»

ኦቦ ቀጄላ ራሳቸው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ለኡርጂ በክንዷ በኩል ተሰማት። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ነብሩ አጉረመረመ እንጂ አልተነሣም። መንገዱን ለእሱ ትተው በገደሉ በኩል ዞሩ፤ ገደሉም አንድ ወንዝ ዳር አወጣቸው።

ወንዙ ሞልቷል። ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል፤ መሻገር የማይታሰብ ነው። የኡርጂ ስልክ ጮኸ።

«ትንፋሹ እየደከመ ነው» አለች ማሪቱ። «የት ደረሳችሁ?»

ኡርጂ ስልኩን ሽማግሌው ጆሮ ላይ ለጠፈችው። «ወንድሜ ከሞተ መሐላው ለማን ነው?»

ኦቦ ቀጄላ በሹክሹክታ ጀመሩ፤ ወንዙ ድምፃቸውን ዋጠው። ደገሙት፤ አልተሰማም። በመጨረሻ የግዳቸውን ጮኹ።

«እንዶድ ነው። የእንዶድ ሥር።»

ኡርጂ ክው አለች። እንዶድ አጥራቸው ላይ ሞልቷል፤ በፍሬው ልብስ እያጠበች ነው ያደገችው።

«ምን ያህል ጠጣ፣ አባቴ?» አለች ማሪቱ በስልኩ።

«አንድ ጣት የሚያህል። አባቴም በጣቱ ነበር የሚለካው።» ከዚያ ቁፋሮ ያደነደነውን የራሳቸውን ወፍራም ጣት አዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። «የአባቴ ጣት ቀጭን ነበር» አሉ።

ውሃው ጎደል ሲል ተሻግረው ሰበታ ደረሱ። ማሪቱ የጠጣውን አውቃ ስላከመችው፣ ገመቺስ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለት ዓይኑን ገልጧል። ማሪቱ የእብድ ውሻ ክትባቱን እያዘጋጀች ነው። ኡርጂ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ከእንግዲህ ውሻ የነከሰው ሰው ቢመጣብኝ» አሉ ኦቦ ቀጄላ፣ «ወደዚህ ይዤው ነው የምወርደው።»

«ነብሩ ባለበት መንገድ?» አለች ኡርጂ።

«እየፈራሁ።»