የአሥራ ሁለቱ ቤቶች ጀሪካን

ሬሳው የተገኘው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ በእርዳታ ድርጅቱ ግቢ፣ ከውሃ ሮቶው ማማ ሥር፣ ከላይ ወድቆ ነው። ሟቿ የውሃ ጥናት ቡድኑ ኃላፊ ነበረች፤ በተፈናቃዮች መጠለያ እያንዳንዱ ቤተሰብ በቀን ስንት ሊትር ንጹሕ ውሃ እንደሚያገኝ የምታስለካ ሴት። ከመሞቷ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ የድርጅቱ ሾፌር የሆነው ባሏ በቅናት ሲጮህባት ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ፖሊሶቹም ብዙ ሳይጨነቁ እጁን በካቴና አሰሩት።

«ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ከሰዓት በኋላ ስትደርስ ካቴናውን አይታ ፊቷ ጠቆረ። ችኮላ አትወድም።

«ምን ሆነህ ጮህክባት?» አለችው ባልየውን።

«ቀንቼ ነዋ እህቴ! ራት ላይ ‹ጋሼ እንዲህ አሉ›፣ መኝታ ላይ ‹ጋሼ እንዲህ አደረጉ›። በገዛ ቤቴ የሰው ስም ሰለቸኝ። ግን እኔ እሷን ልገድል? የስድስት ዓመት ልጃችንን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል? ምን ብዬስ እነግራታለሁ?»

ወንፊት ቀና ብላ ማማውን አየች። ሮቶው እላይ ቁጭ ብሏል፤ መውጫ ግን የለውም።

«መሰላሉ የታለ?»

«ዕቃ ቤት ተሰቅሏል» አለች የሟቿ ባልደረባ፣ የውሃ ናሙና መርማሪዋ። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጄሶ ታስሯል። «ቁልፉ ያለው ሦስታችን ጋ ብቻ ነው፤ እሷ፣ ጋሼና እኔ። የሷ ቁልፍ ጠዋቱን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።»

«አንቺስ ትወጃት ነበር?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ወንበሯን፣ ባሏን፣ ፀጉሯን ሳይቀር እቀናባት ነበር።»

በዚያ ግቢ ቅናት ከውሃው በተሻለ ለሁሉም ይዳረስ ነበር።

ጋሼ የሚባሉት ሟቿን ሥራውን ያስተማሯት አንጋፋው መረጃ ሰብሳቢ ናቸው። በመሐረብ ዓይናቸውን እየጠረጉ የተሞሉ ቅጾች ለወንፊት አቀበሏት።

«ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት መጠለያው ውስጥ ቤት ለቤት ስዞር ነበር። ይኸው፣ አሥራ ሁለት ቤት።»

«ኃላፊነቱ ለሷ ሲሰጥ አልከፋዎትም?»

«እኔን? ልጄ ናት እኮ!» አሉና ሳቁ። የሳቀው ግን ጥርሳቸው ብቻ ነው።

ወንፊት ቅጾቹን ይዛ መጠለያው ሄደች። አሥራ ሁለቱንም በር አንኳኩታ ተመለሰችና ሦስቱን በስብሰባው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ከመሰላሉ እንጀምር» አለች። «ያለ መሰላል ማማው ላይ አይወጣም። ስትገኝ ግን መሰላሉ ቦታው ተመልሶ ተቆልፎበታል። የሞተ ሰው መሰላል አይመልስም። ባሏ ቁልፍ የለውም። አንቺ ደግሞ በአንድ እጅሽ የብረት መሰላል አትሸከሚም።»

«ታዲያ እኔ ልሆን ነው?» አሉ ጋሼ። «መጠለያው ውስጥ ነበርኩ አልኩሽ እኮ!»

«ቅጹ ላይ ‹በዓይን የታየ የውሃ ዕቃ› የሚል ቦታ አለ። ለአሥራ ሁለቱም ቤት ‹ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን› ብለው ሞልተዋል። ጀሪካኑ ግን ትናንት አመሻሽ ላይ አንድም ሳይቀር ተሰብስቦ ባለ ክዳን ባልዲ ታድሏል። ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው እንኳ ባልዲውን ያየዋል። እርስዎ ዛሬ አንድም ቤት አልሄዱም።»

«ማን ነገረኝና!»

«እሷ ነግራን ነበር» አለች የናሙና መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ከትናንት ወዲያ፣ ስብሰባ ላይ። እርስዎ ‹ከተማሪዬ ትእዛዝ አልቀበልም› ብለው ረግጠው ወጡ።»

ጋሼ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አሉ። የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣታቸው መፋቅ ጀመሩ።

«መቁጠር ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ወንበሩም የኔ ነበር። ዛሬ ልወጣ ስል ‹ጋሼ፣ ክሎሪኑን ልየውና መሰላሉን ይያዙልኝ› አለችኝ። ያዝኩላት። ጫፉ ላይ ስትደርስ ሳብኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ ቦታው መለስኩት።»

ካቴናው ከባልየው እጅ ወልቆ ሽማግሌው እጅ ላይ ገባ። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣበት ሰዓት ደርሷል፤ እሱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ጋሼን ትክ ብሎ ያያቸዋል።

«ወደ ታች አይታ ነበር?» አላቸው።

«አላየችም» አሉ ጋሼ። «ለምን ብላ ታያለች? የያዝኩላት እኔ አይደለሁ እንዴ?»