አምባዬ ያልሠራው ካርቶን

የቀበሌው ሊቀመንበር ጎበና ለፖሊስ ጣቢያ የደወለው በማለዳ ነው።

«የጥራዝ ቤቱ አምባዬ ተገድሏል። በመስኮት አየሁት፤ ደረቱ ላይ ‹የሕዝብ ጠላት ነበርኩ፣ ዋጋዬን አገኘሁ› የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ገዳይዋ እህቱ ናት። ናና ውሰዳት!»

መርማሪው መቶ አለቃ መርዳሳ የሰማውን ቃል በቃል ጻፈ። በ1970 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አንገቱ ላይ የተገኘ ሰው አይመረመርም፤ አይለቀስለትምም። እሪ ያለ ይታሰራል። እናት እንኳ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትቀመጥ ነበር፤ ምን ዓይነት ዘመን ነው እቴ! መርዳሳ ግን ችክ ያለ ሰው ነው። አለቃው «ተወው፣ ፈርምና ዝጋው» ቢለው ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ጥራዝ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጎበና ሽጉጡን ታጥቆ ይንጎራደዳል፤ ጠብመንጃ ያነገቱ የአብዮት ጥበቃዎች አብረውት አሉ። የሟች ታናሽ እህት ወሰንየለሽ እጇን በገመድ ታስራ ቆማለች። ካርቶን ቆራጩ አዛውንት ጋሽ ንዋይ ቁልፉን ጨብጠዋል። በሩ ሲስቡት ራሱን የሚቆልፍ ነው።

«ገና አልተከፈተም» አሉ ጋሽ ንዋይ። «ሊቀመንበሩ ፖሊስ ሳይመጣ እንዳትነካው አሉኝ።»

ተከፈተ። አምባዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግድግዳውን ተደግፏል። አናቱ በመጽሐፍ መጭመቂያው የብረት እጀታ ተፈንክቷል። አንገቱ ላይ በሲባጎ የታሰረው ነጭ ካርቶን ሁለት ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ሰሌን ተጠቅልሏል። መርዳሳ በጣቶቹ ዘረጋው፤ ጽሑፉ ፊቱ ላይ በኮላ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው፤ በስልክ የሰማው ራሱ። ሲለቀው መልሶ ተጠቀለለ።

«ይሄ ምን ዓይነት ካርቶን ነው?»

«ቀጭኑ ነው» አለች ወሰንየለሽ። «ለመጥሪያ ካርድ የምናደርገው። ለሚሰቀል ነገር ወፍራሙን፣ ግራጫውን ነው የምንቆርጠው፤ እሱ በቀላሉ አይጎብጥም። ቀጭኑን ግን በአንድ ፊቱ ብቻ ኮላ ቀብተው ወረቀት ከለጠፉበት፣ ሲደርቅ ወረቀቱ ይስበውና ይጠቀለላል። ለዚህ ነው እኛ ጀርባውንም የምናለብሰው። ሁለቱም ፊት ሲሳብ ቀጥ ይላል።»

መርዳሳ ገልብጦ አየ። ጀርባው ባዶ ነው።

«ከወንድምሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«አዎ፣ ትናንት። እኚህ ሊቀመንበር ከወንጂ የታሰሩ ልጆች አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሰሌዳ ‹ሥራ› አሉት። ጋሼ አምባዬ ‹የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ልጅ አንገት ላይ የሚሰቀል ካርቶን የለኝም› አላቸው። እኔ ፈርቼ ሥራላቸው ብዬ ለመንኩት። ያንገበግበኛል!» ቀና ብላ ጎበናን አየችው። «አሁን ግን አልፈራም። ብትገድሉኝም ገደልኩት ብዬ አልፈርምም።»

መርዳሳ ወደ ጋሽ ንዋይ ዞረ። «እርስዎስ በመስኮቱ አይተዋል?»

«ጎህ ሲቀድ ከሊቀመንበሩ ቀድሜ ደረስኩ። ነጭ ጥቅልል ብቻ ነው የታየኝ። ፊደል የሚባል አላየሁም። በሩን ልከፍት ስል እሳቸው ደረሱና ከለከሉኝ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ውስጥ ገብተው ነበር?»

«ምን ልሠራ? ከመስኮቱ አላለፍኩም።»

«ጽሑፉን ማን ነገረዎት?»

«ዓይን የለኝም እንዴ? በዓይኔ በብረቱ አነበብኩት!»

መርዳሳ ጎረቤቶቹንና የአብዮት ጥበቃዎቹን አስጠራ። መስኮቱ ጋ እየቀረቡ እንዲያዩ አደረገ። አንድም የሚያነብ ጠፋ።

«እንግዲህ ስሙ» አለ። «ይሄ ካርቶን ቀጥ ብሎ የሚነበበው ኮላው ሳይደርቅ ነው። ጋሽ ንዋይ ጎህ ሲቀድ ያዩት ተጠቅልሎ ነው። ሊቀመንበሩ የደረሱት ከሳቸው በኋላ ነው፤ ግን ቃል በቃል ነገሩኝ። ከመስኮት አይነበብም፣ በሩ ዝግ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን የሚያውቀው ትናንት ማታ፣ ገና እርጥብ ሳለ እዚህ የነበረ ሰው ነው። ጥራዝ የሚያውቅ ደግሞ ግራጫውን ያነሣ ነበር፤ ጀርባውንም ያለብስ ነበር። የእጅ ልማድ ነው። አምባዬ አልሠራም አለ። ገዳዩ ገደለውና ራሱ ሠራው፤ አያውቅበትም።»

ጎበና ሳቀ። «እና ማን ሊያስረኝ ነው? አንተ?» እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። «ነጋሳ! ያዘው ይሄን አድኃሪ!»

የአብዮት ጥበቃው ነጋሳ ጠብመንጃውን ከትከሻው አላወረደም።

«አልይዝም» አለ። «ጋሽ አምባዬ ምን አደረገ?»

ጎበና አፉን ከፍቶ ወደ ነጋሳ ሲዞር መርዳሳ ሽጉጡን ከወገቡ ላይ መነጨቀው።

«ነገ ትለቀኛለህ! ከዚያ ወየውልህ!»

«ይሆናል። ነገ እኔንም ታስረኝ ይሆናል። ዛሬ ግን ነፍሰ ገዳይ ነህ፤ አምባዬም የማንም ጠላት አይደለም። እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው።»

የወሰንየለሽን ገመድ ፈታና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አርሲ ነገሌ ዘመድ ካለሽ ዛሬውኑ ሂጂ፣ እህቴ።»

«ወንድሜ እዚህ ወድቆ የት ነው የምሄደው?»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። አስፋልቱ መሃል ወጥታ ቆመችና ደረቷን መታች።

«ወንድሜን! ወንድሜን! አምባዬን!»

መጀመሪያ ብቻዋን ነበረች። ጋሽ ንዋይ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቧ ቆሙና እየተንሰቀሰቁ አለቀሱ። ከወዲያ ማዶ አንድ በር ተከፈተ፤ ልጇ ባለፈው ወር ተገድሎባት ትንፍሽ ሳትል የከረመችው ጎረቤቷ ወይዘሮ መሰለች በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። እሷ የጮኸችው የልጇን ስም ነው።