በሻለቃው ሐውልት ሥር

ባቡሩ ወደ ከተማይቱ በገባበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከምሥራቁ በር ውጪ ያለው አሮጌው መካነ መቃብር እንዲነሣ ዐዋጅ ተነገረ። ሐዲዱ የሚያልፈው በመካከሉ ነበርና፤ ዘመድ ያለው ሙቱን አውጥቶ ኮረብታው ላይ ወደተከፈተው አዲሱ መካነ መቃብር እንዲወስድ፤ ዘመድ የሌለው ግን በመንግሥት ሠራተኞች ተለቅሞ በአንድ ጉድጓድ እንዲቀበር ታዘዘ። ከተማው ሁሉ ሣጥንና አካፋ ፍለጋ ተራወጠ፤ በአባታቸው ቀብር ላይ እንኳ ያልተነጋገሩ ወንድማማቾች አሁን በዐፅሙ ተካሰሱ።

ጨርቅ እየነከረች የምትተዳደረው ቀለም ነካሪዋ የምታነሣው አንድ ሰው ብቻ ነበራት፤ ታናሽ ወንድሟን። ዱቄት በተወደደበት ዘመን ገበያው አደባባይ ወጥተው «ዳቦ!» ብለው ከጮኹት አንዱ እርሱ ነበር፤ ተኩስ ያዘዘው ደግሞ የከተማው ጦር አዛዥ የነበረው ሻለቃ ነበር። ሻለቃው ብዙ ዓመት ቆይቶ በስተርጅና በአልጋው ላይ ሲሞት ቦታ ጠቦ ነበርና፣ ያስገደለው ልጅ ራስጌ ተቀበረ። ነካሪዋም ወንድሟን ልትጠይቅ በሄደች ቁጥር የሻለቃውን ድንጋይ ሳትወድ ታያለች፤ አይታም ትተፋለች።

በዚያ መካነ መቃብር ድንጋይ የሚተከለው በሟች ግርጌ ነበር። በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው አልጋው ግርጌ ቆሞ ፊቱን እያየ እንደሚያነጋግረው፣ የሙት ጠያቂም እንዲሁ እንዲያደርግ ነው ይሉ ነበር። የከተማው ተወላጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህም ለባዕድ መንገር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ነካሪዋ አዲስ ሣጥን በጋሪ አስጭና፣ ሁለት ቆፋሪዎች ቀጥራ ማለዳ ደረሰች። ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ ሰማያዊ ነበር፤ ያ ቀለም በሳሙና የሚለቅ አይደለም። ቆፋሪዎቹ ከወንድሟ ድንጋይ ጀምረው ወደ ራስጌው ቆፈሩ፤ አፈሩ ልል ነበር። እስከ ደረታቸው ጠለቁ፤ ምንም የለም።

«አባባ፣ ወንድሜ የት አለ?» አለችው የመካነ መቃብሩን ዘበኛ።

«እኔ ምን ዐውቄ ልጄ? በዚህ በር በእግሩ የወጣ አላየሁም።»

«ቀልዱን ይተዉትና ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «ባለፈው ሳምንት ሻለቃው ሲነሣ እኔ ልጄን ልድር ሄጄ ነበር። ሹማምንቱ ሳይደርሱ ሌሊቱን የቆፈሩት የሐዲዱ ሠራተኞች ናቸው። የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፤ በአገራቸው እንግዲህ ድንጋዩ በራስጌ ይሆናል...» ንግግሩን አልጨረሰም። አሮጌውን የሻለቃውን ድንጋይ አየ፤ ከድንጋዩ ወዲህ ያለውን ባዶ ጉድጓድም አየ። «ወይ ጉድ!»

ነካሪዋ አካፋውን ከቆፋሪው እጅ ነጥቃ ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ ራሷ ቆፈረች። ያ አፈር ለዓመታት ሰው ያልነካው ነበር፤ ጠንክሯል። ከብዙ ድካም በኋላ የወታደር ጫማ ሶል ወጣ፤ ቀጥሎም ዝገት የበላቸው የወታደር ኮት የነሐስ ቁልፎች ተለቀሙ።

«ለዳኛ ይመሰክሩልኛል» አለችው።

«እኔን? እኔማ ሰርግ ላይ ነበርኩ!» ዘበኛው ወደኋላ አፈገፈገ። «ለአዲሱ መካነ መቃብር ዘበኝነት ታጭቻለሁ ልጄ፤ እንጀራዬን አትዝጊብኝ።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሻለቃው ልጅ ቤት ሄደች። ልጁ ስመ ጥር ጠበቃ ነበር፤ የአባቱን ዐፅም ያነሣውም ከንቲባው በተገኘበት፣ ጦሩ በተሰለፈበት፣ መለከት በተነፋበት ታላቅ ሥነ ሥርዓት ነው። ዐፅሙ ሲወጣ ከጎድን አጥንቱ መካከል የጥይት እርሳስ ተገኝቶ ነበርና፣ ከንቲባው እንባ እየተናነቀው፣ «ይህ ጀግና የጠላት ጥይት በደረቱ ተሸክሞ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ አላማረረም!» ብሎ ተናግሮ ነበር። አሁን ጥይቷ በጠበቃው ጠረጴዛ ላይ፣ ቀይ ከፋይ ላይ ተጋድማ በመስታወት ተከድናለች።

ነካሪዋ ተቀመጪ እስክትባል አልጠበቀችም፤ አልተቀመጠችምም። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ በተነቻቸው።

«አባትህን አግኝቼዋለሁ።»

«አባቴ ኮረብታው ላይ ነው ያለው፤ አንቺ ሴት፣ ከቤቴ ውጪልኝ።»

«አባትህ በምን ሞተ?»

«በሳንባ ምች። ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«የሳንባ ምች ጥይት ይተኩሳል እንዴ?»

ጠበቃው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ድምፁም ዝቅ ብሏል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድፍረት ግን አልፈጠረበትም።

«ጥርሱን አይቻለሁ» አለ። «ሙሉ ጥርስ ነበረው። አባቴ ሲሞት ድዱ ብቻ ነበር የቀረው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መለከት ተነፋ።»

«መለከቱ ያንተን አፍ ግን አልዘጋው!»

«ምን ልበል? ከንቲባው እያለቀሰ፣ ጦሩ ሰላምታ እየሰጠ፣ ‹ቆዩ፣ ይህ ሰውዬ ሌላ ነው› ልበል? ጎንበስ ብዬ ግንባሩን ስሜዋለሁ እኮ!»

«አባትህ ገደለው፣ አንተ ሳምከው። ደግ ዘመድ ናችሁ!»

ጠበቃው ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካ ቆየ። «እመቤት፣» አለ በመጨረሻ፣ «ሣጥን አስመጥተዋል አሉ። እዚያ የቀረውን ሰው በወንድምዎ ስም ይውሰዱልኝ። የሚያምር ድንጋይ አቆምለታለሁ። ሙት ከሙት ጠብ የለውም።»

«ለምን ራስህ አትወስደውም?»

«ምን ብዬ? ሁለት አባት አለኝ ብዬ?»

«እንግዲያው ስማኝ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አባትህ በወንድሜ ሣጥን አይተኛም። ነገ ጠዋት ለቃሚዎቹ ሳይደርሱ መጥተህ እውነቱን በሰው ፊት ተናገር፤ ወንድሜን መልስልኝ፣ አባትህንም በስሙ ውሰደው። ካልመጣህ ግን ዘመድ እንደሌለው ይለቀማል።»

በማግስቱ ሰማዩ ደመነ። ነካሪዋ ባዶው ሣጥን ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ረፋዱ ላይ የጠበቃው ሠረገላ በሩ ድረስ መጥቶ ቆመ፤ መጋረጃው ጥቂት ተገለጠ። እርሷም ተነሥታ ቆመች። በዚያው ጊዜ የሐዲዱ ሥራ አለቃና የከንቲባው ጸሐፊ ከለቃሚዎቹ ጋር ብቅ አሉ፤ ጸሐፊው ሠረገላውን ዐውቆ ባርኔጣውን አነሣ። መጋረጃው ተዘጋ። ሠረገላው ዞሮ ሄደ።

ነካሪዋ ለሥራው አለቃ ነገሩን ሁሉ ተናገረች፤ አለቃው ዘበኛውን ጠየቀው።

«እኔ ሰርግ ላይ ነበርኩ ጌታዬ» አለ ዘበኛው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«ኀዘን አእምሮ ይነካል» አለ ጸሐፊው። ለቃሚዎቹም ሻለቃውን ስም ከሌላቸው ጋር በአንድ ጆንያ ጨመሩት። ነካሪዋ ጆንያው እስኪታሰር ድረስ ቆማ አየች። ደስ ይላት መስሏት ነበር፤ ግን ሣጥኗን ባዶውን ይዛ ስትመለስ መንገዱን በሙሉ ጥርሷን ነክሳ ነው የሄደችው።

ከዚያ በኋላ ወንድሟን የምታገኝበት ስፍራ አንድ ብቻ ቀረላት፤ በኮረብታው ላይ ያለው የሻለቃው የእብነ በረድ ሐውልት። በየዓመቱ ወንድሟ በተገደለበት ዕለት አበባ ይዛ እየወጣች፣ ከሐውልቱ ሥር ተንበርክካ ታለቅስ ነበር። ሰው አየ፤ አይቶም ተደነቀ። አንድ አስተማሪ ተማሪዎቹን ይዞ ሲያልፍ፣ «እነሆ የይቅርታ ምሳሌ!» ብሎ በጣቱ ጠቆማት፤ እርሷም ቀና ብላ፣ «እኔ ማንንም ይቅር አላልኩም!» ብላ ጮኸችበት። አስተማሪው ግን ትሕትናዋ ነው ብሎ ለልጆቹ አስረዳቸው። ጠበቃውም በሕይወቱ እስካለ ድረስ በዚያ ዕለት ወደ ኮረብታው ወጥቶ አያውቅም።

ዛሬ የከተማይቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ሻለቃው ጀግንነት ረጅም ምዕራፍ ሰጥተዋል፤ ደረቱን ስለመታችው የጠላት ጥይትም ጽፈዋል፤ በምዕራፉ መጨረሻም ያለፈውን ደም ረስታ በመቃብሩ ላይ አበባ ስላኖረች አንዲት ቀለም ነካሪ ደግነት አንድ አንቀጽ አክለዋል። ወንድም እንደነበራት ይጠቅሳሉ፤ ስሙን ግን የጻፈው የለም።