አለሁ ያለው እኔ አልነበርኩም

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ስሜን አልነግራችሁም... ፈርቼ ሳይሆን አፍሬ ነው።

ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ግድብ ላይ በታሰረች ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ነኝ።

ሥራዬ መብራት መያዝ ነው። ሬዲዮ ውሃ ውስጥ ሩቅ ስለማይሄድ የግድቡን ፍርግርግ ብረት ከሚያጸዳው ጠላቂ ጋር የምናወራው በሰማያዊ ብርሃን ነው። ድምፄ በማይኩ ገብቶ ብርሃን ይሆናል፤ ብርሃኑ የጠላቂው ራስ ቁር ላይ ሲያርፍ መልሶ ድምፅ ይሆናል። የእሱም እንደዚያው። ሁለቱ መብራቶች ከተያዩ እንደማመጣለን። አንዱ ከጠፋ ወይም መሃል ላይ ነገር ከገባ ጸጥ ይላል። ፀሐይ ስትበረታ ስለምትረብሸው ሁሌም የምንሠራው በማለዳ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። ጠላቂው በየሁለት ደቂቃው "አለህ?" ይላል። እኔ "አለሁ" እላለሁ። ሁለቴ ጠርቶ መልስ ካጣ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። በዚህ የተነሳ ሠራተኛው "አቶ አለሁ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ጠላቂው የታላቅ እህቴ ባል ነው። ሥራ አጥቼ ቤታቸው ስቀመጥ፣ ኃላፊውን ለምኖ ያስቀጠረኝ እሱ ነው።

እና እኔ ምን አደረግኩ?

ገና ከመውረዱ መብራቱን አጠፋሁት። ከጠየቀኝ ውሃው ደፍርሶ ነው እለዋለሁ ብዬ ጥበቃው ጋ ሄድኩ፤ የማታውን ኳስ ግቦች በስልኩ ላይ ለማየት። አምስት ደቂቃ ብዬ አሥራ ሁለት ቆየሁ።

ለኳስ።

ስመለስ አልወጣም ነበር። መብራቱን አበራሁት። ድምፁ ወዲያው መጣ... እየሳቀ ነው።

"በቃ፣ ልወጣ ነው። ደህና አጫወትከኝ።"



ጀልባዋ ላይ ወጥቶ ራስ ቁሩን ሲያወልቅ ፊቱ ፈክቷል።

"ዛሬ ምን ነካህ? አንዴም ሳታዛጋ። ደግሞ ድምፅህ... ከላይ ሳይሆን ከጎኔ ያለህ ነው የሚመስለው።"

"ምን... ምን አልኩህ?"

"ከፍርግርግ ብረቱ ኋላ ስላለው ክፍተት ነዋ። ነገ አሳይሃለሁ አላልክም?"

ኃላፊው አጠገባችን ቆመዋል። መብራት ጥሎ የሄደ ሰው በዚያው ቀን ነው የሚባረረው። እሳቸውን አየሁ። እሱን አየሁ።

"አዎ" አልኩ። "ብያለሁ።"

ይህችን ቃል እስከዛሬ መዋጥ አቅቶኛል።

ረቡዕ። ያው ሰዓት።

ሌሊቱን ሙሉ እነግረዋለሁ ስል አድሬ፣ ጠዋት ሳልነግረው ራስ ቁሩን አቀበልኩት። ወረደ። ዓይኔን ከመብራቱ አልነቀልኩም።

"አለህ?"

"አለሁ።"

"አለህ?"

"አለሁ።"

ከዚያ...

"እሺ፣ መጣሁ። ቀስ በል እንጂ።"

እኔ ምንም አላልኩም።

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት። "ተመለስ" አልኩ በሹክሹክታ።

"ኧረ አታደናግረኝ። አንዴ ና፣ አንዴ ተመለስ... የቱን ልስማ?"

"ተመለስ። በናትህ።"

"እንዴ... ትናንት ያወራኸኝ አንተ አይደለህም?"

የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ትናንት እኔ አልነበርኩም፣ መብራቱን አጥፍቼ ሄጄ ነበር። ይኸው ነው። ኃላፊው ግን ከኋላዬ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። እውነቱን ልንገራችሁ... ሰው እየጠፋብኝ አፈርኩ።

"ትናንት እኔ..." ማለት ስጀምር ማዳመጫው ጸጥ ብሏል።

ሌሎች ጠላቂዎች ሦስት ቀን ሙሉ ፈልገው አጡት። ፍርግርጉ አልተነካም። ከኋላውም ክፍተት የሚባል ነገር የለም፤ ድፍን ኮንክሪት ነው።

እህቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"እስከ መጨረሻው አብረኸው ነበርክ?"

"አዎ።"

እጄን ይዛ አለቀሰች። "እንኳንም አንተ ሆንክ" አለችኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ።

በጠፋ በአሥራ አምስተኛው ቀን ማለዳ ብቻዬን ወደ ጀልባዋ ሄድኩ። ለማንም ያልነገርኩትን ለእሱ ልናገር ነበር፤ ባይሰማኝም። መብራቱን ወደ ውሃው አውርጄ አበራሁት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

ለረጅም ጊዜ ምንም የለም።

ከዚያ...

"አለህ?"

የእሱ ድምፅ ነው። ደክሞታል።

መልስ ልሰጥ ስል ሌላ ድምፅ ቀደመኝ። የእኔው ድምፅ። ግን እኔ አንድም ቀን እንዲህ አለሳልሼ አናግሬው አላውቅም።

"አለሁ። አይዞህ፣ የትም አልሄድኩም።"

ማይኩ እጄ ላይ ነበር። አሁንም አልተናገርኩም።

ጎንበስ ብዬ ወደ ታች አየሁ። እሱ ይዞ የወረደው አንድ መብራት ነው። ጥልቁ ውስጥ ግን ሁለት ሰማያዊ መብራቶች ጎን ለጎን እየሄዱ ነበር።

አንደኛው ቆም ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሌላው ጠበቀው።