ድምፁ የተዘጋው ፊልም

አቶ መልከጸዴቅ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር ካለው አፓርትመንታቸው፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወድቀው ሞተው ተገኙ።

«ዳሌያቸው ተሰብሯል» አለ የአምቡላንሱ ሰው። «ወድቀው ብዙ ሰዓት ቆይተዋል፤ የሞቱት ግን ዛሬ ጠዋት ነው።»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ውባንቺ ተጠርተው ገቡ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ከዐይናቸው ግን መርፌ አያመልጥም።

የሟች ልጅ ሩሐማ ከታኮማ ከተማ ደርሳ፣ ስልኳን እንደጨበጠች በአባቷ አስታማሚ በሣህሊቱ ላይ ትጮኻለች። «ሁለት ሰዓት አርፍዳ መጣች! በሰዓቷ ብትደርስ አባዬን በሕይወት ታገኘው ነበር። ሪፖርት አደርጋታለሁ፤ ላይሰንሷን፣ የሥራ ፈቃዷን፣ ትነጠቃለች!»

«ባሱ ጥሎኝ ሄዶ ነው፣ እማማ» አለች ሣህሊቱ አቀርቅራ።

«ትናንት ማታ ራት የማብላት ተራ የማን ነበር?» አሉ ወይዘሮ ውባንቺ።

«የእኔ» አለ የሟች የእህት ልጅ እዮብ። «መጥቼ ራታቸውን ሰጠሁ። ደህና ነበሩ። ያንን የጃፓን ፊልማቸውን ከፍተው፣ ጩኸቱ ኮሪደር ድረስ ይሰማ ነበር።»

ፊልሞቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ፣ ጃፓኖች ራሳቸው የረሷቸው የወንጀል ታሪኮች ናቸው። የተቃጠለ ከተማ፣ ዝናብ፣ ላብ ያጠመቀው መርማሪ። ወይዘሮ ውባንቺ «ምን ይታይሃል?» ሲሏቸው፣ አቶ መልከጸዴቅ «እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ብቻውን ነው፤ አብሬው ልቀመጥ ብዬ ነው» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ውባንቺ ጠረጴዛውን አዩ፤ ፍሪጁን ከፍተው ዘጉ።

«ሁላችሁም ተቀመጡ። ሩሐማ፣ ፊልሙን ክፈቺው። ሌላ ነገር እንዳትነኪ።»

በቴሌቪዥኑ ላይ ዝናብ ወረደ። አንዲት ሴት አፏን ከፍታ ጮኸች። ከቴሌቪዥኑ ግን ምንም ድምፅ አልወጣም።

«ጩኸቱ የት ገባ፣ እዮብ?» አሉ ወይዘሮ ውባንቺ።

«ምናልባት... ኋላ ቀንሰውት...»

«አትቀባጥር! የጆሮው መስሚያ ያውልህ፣ ሳጥኑ ውስጥ። ፊልም ሊያይ ሲል ድምፁን ዘግቶ ያወልቀዋል። ጃፓንኛ አያውቅ፣ ድምፅ ምን ሊያደርግለት? ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበ በአማርኛ ይነግረኝ ነበር። አምስት ዓመት፣ እሑድ እሑድ፣ ከዚህ ቤት የፊልም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አንተም አልሰማህም፤ አልመጣህማ! ሰጠሁ ያልከው ራት እንደታሸገ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ከራት በፊት ወድቋል። ሌሊቱን ሙሉ ወለል ላይ ነበር።»

እዮብ ፊቱን ሸፈነ። «ከገባሁ አይለቁኝም። የፊልሙን ታሪክ ሲያወሩልኝ ያመሻሉ። እና... አንድ ቀን ብቀር ምን ይሆናሉ ብዬ...»

ሩሐማ ስልኳን አስቀምጣ ሣህሊቱ አጠገብ ተቀመጠች።

ወይዘሮ ውባንቺ ከሟች ወንበር ጎን ባለችው በራሳቸው ወንበር ተቀምጠው፣ ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ አፈጠጡበት።

«የቀረውን ግማሽ እሑድ እጨርስልዎታለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ሴትዮዋን ማን እንደገደላት ሳይነግረኝ ሄደ።»