የጁምዓ ሰዓት ርክክብ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ የማላምን ብቻ ሳልሆን የምስቅ ሰው ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት ስሠራ ጓደኞቼ «አስከሬን ክፍሉ በር ላይ ነጭ ነገር አየሁ» ሲሉኝ «አንሶላ ነው፣ እጠፊውና አስቀምጪው» እያልኩ የኖርኩ፣ ቤተሰቦቼ ከወሎ መጥተው መርካቶ የከተሙ ስለሆኑ ልጅ ሆኜ የጅኒ ወሬ እስኪበቃኝ ሰምቼ ያደግኩ፣ ግን አንድም ቀን ከቁም ነገር ቆጥሬው የማላውቅ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ድሮም ፈሪ ነሽ» እንዳትሉኝ ነው። በዚያ ላይ ነገሩ የደረሰብኝ በጨለማ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መርካቶ ዱባይ ተራ የገበያ ሕንፃ መሃል ነው፣ እመኑኝ።

ስሜ ሰዓዳ ነው፣ ያኔ ሃምሳ ሊሞላኝ አንድ ዓመት ቀርቶኝ ነበር። በዲፕሎማ ተቀጥሬ ሆስፒታል ውስጥ ስንት ሌሊት ካደርኩ በኋላ፣ ጉልበቴም ደረጃ ባየ ቁጥር ማማረር ሲጀምር፣ «ዲግሪ ብትይዢ እኮ ማስተማር ትችያለሽ» ብለው ጓደኞቼ ገፋፍተውኝ ቅዳሜና እሁድ ኮሌጅ መማር ጀመርኩ። ሁለቱን ዓመት እንደምንም ገፋሁት፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ ግን አቃተኝ። የክፍሌ ተማሪዎች ከልጄ ያንሳሉ፣ «ማዘር» ነው የሚሉኝ፣ ክፋት የለባቸውም፣ ብቻ አንድ ቀን ፊት ወጥቼ ገለጻ ሳቀርብ ኮምፒውተሩ እንቢ አለኝ፣ የቱን እንደምጫን ጠፍቶኝ ስደናበር ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። አፈርኩ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ስንት ሕፃን የተቀበለ እጄ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲንቀጠቀጥ አየሁትና በቃኝ አልኩ።

እህቴ ከድጃ ዱባይ ተራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጫማ ትሸጣለች። «እኔ ጋ ነይ፣ ቁጭ ብለሽ ትሸጫለሽ፣ ጉልበትሽም ያርፍልሻል» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ታዲያ አንድ አርብ ቀን የትምህርት ማቋረጫ ቅጹን ሞልቼ፣ ፊርማዬ ብቻ ሲቀረው ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ሱቋ ሄድኩ። ቅጹን ለማስገባት የመጨረሻው ቀን ያ አርብ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ አስገብቼው ልገላገል ነው ሐሳቤ።

ዱባይ ተራን በጁምዓ ሰዓት አይታችሁት ታውቃላችሁ? ያ ሰው ሲጋፋበት፣ ተሸካሚው «ዞር በል» እያለ ሲያልፍበት የሚውል ኮሪደር ባንዴ ጭር ይላል፣ አብዛኛው ነጋዴ በሩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ መስጊድ ይሄዳል። ከድጃም ቤት ሰግዳ ምሳ ይዛልኝ ልትመጣ ወጣች። ጎረቤቷ ጋሽ ሸምሱ፣ ሻንጣ የሚሸጡት ስልጤ፣ «ሲስተር፣ ሱቄን አደራ» ብለውኝ ወረዱ። ዘበኛው ጋሽ ታደሰ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት የደረጃውን የብረት በር ከታች ቆለፉት። ፎቁ ላይ ብቻዬን ቀረሁ፣ ቅጹን አወጣሁና ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬን መበርበር ያዝኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት የጎማ ድምፅ ነው፣ ሲጢጥ… ሲጢጥ… የሚል። ከኮሪደሩ ጫፍ ይመጣል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ዕቃ የሚገፋ ሰው ይሆናል አልኩ፣ ግን ሦስተኛ ፎቅ ጋሪ አይወጣም፣ ደግሞ እኔ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ከአልጋ አልጋ እየቆመ የሚሄድ የመድኃኒት ጋሪ ነው። ከዚያ በረኪና ሸተተኝ፣ ጠዋት ጠዋት የበሽተኞች ክፍል ሲታጠብ የሚሸተው ዓይነት። የጫማ ሱቅ ውስጥ ፕላስቲክና ሙጫ እንጂ በረኪና ምን ይሠራል? ከዚያ በሩ ብረት ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሁለት ጊዜ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ።

ቀና ስል አንዲት ትልቅ ሴት ቆመዋል። ሰባ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም፣ ጋውናቸው በደንብ ተተኩሷል፣ ፀጉራቸው ላይ ድሮ ነርሶች ያደርጉት የነበረው ነጭ ቆብ አለ። ጡረታ የወጡ ባልደረባ ናቸው ብዬ ደስ አለኝ እንጂ አልፈራሁም፣ ወላሂ።

«ነጭ ጫማ፣ ዝግ የሆነ፣ ሠላሳ ስምንት» አሉኝ።

«አለ እትዬ፣ አረፍ ይበሉ። በየት ገቡ ግን? ታች እኮ ተቆልፏል።»

«ተረኛ ነኝ» አሉ፣ መልስ ይመስል።

ጫማውን ከካርቶኑ አውጥቼ ራሴው ተንበርክኬ አደረግኩላቸው። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል፣ ሲቆም የዋለ ሰው እግር ነው፣ ይቀዘቅዛልም፣ የትልቅ ሰው እግር ይቀዘቅዛል ብዬ አለፍኩት። እሳቸው ወንበሩ ላይ የተውኩትን ቅጽ ያያሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ትምህርት ላቋርጥ ነው እትዬ፣ ደከመኝ።»

«እኔም ደክሞኛል» አሉና ብድግ አሉ። «የሚረከበኝ አጥቼ ነው።»

እዚህ ላይ የሙያችንን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለሱ ስህተቴ አይገባችሁም። ነርስ ሰዓቷ ስላለቀ ብቻ ወደ ቤቷ አትሄድም። የምትተካት ስትመጣ አልጋ በአልጋ ትነግራታለች፣ ይሄ እንዲህ ሆኗል፣ ያቺን እንዲህ ጠብቂያት እያለች፣ መጨረሻ ላይ ተረካቢዋ «ተረክቤያለሁ» ትላለች። ያ ቃል ከወጣ በኋላ በሽተኛው የእሷ ነው፣ የመጣው ቢመጣ ጥላ አትሄድም።

ሴትዮዋ እጃቸውን አጣምረው በትከሻዬ ላይ አሻግረው እያዩ ጀመሩ።

«አንድ፣ ወንድ፣ ስድሳ ያለፈው፣ ስኳር አለበት። ደህና ነኝ ይልሻል፣ አትመኚው፣ ላቡን እዪ። ሁለት፣ እናት፣ የወለደች። ትስቅልሻለች፣ ፊቷን አትዪ፣ ብርድ ልብሱን ግለጪ። ሦስት ባዶ ነው። አንጥፈሽ ጠብቂ፣ ሲመጣ ካንቺ ሌላ ሰው አይኖርም።»

ሃያ ስድስት ዓመት የለመደ አፍ ነው፣ ምን ላድርገው? አላሰብኩትም።

«ተረክቤያለሁ» አልኩ።

በረጅሙ ተነፈሱ። የሰው ፊት እንደዚያ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ጫማውን አውልቀው አጠገቤ አስቀመጡ። ካርቶኑን ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል የሉም።

ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሮጥኩ፣ በየበሩ ላይ ከተጣለው ጨርቅ በቀር ምንም የለም፣ ደረጃውን ወረድኩ፣ በሩ እንደተቆለፈ ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ወጡ እንዴ?»

«የምን ሴት? ከቆለፍኩ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም፣ ላይ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ ሲስተር» አሉኝ፣ ቁልፉን እያሳዩ።

ተመልሼ ጫማውን አነሳሁት። ሶሉ ንጹሕ ነው፣ መሬት አልነካም። እጄን ስከት ግን ውስጡ ይሞቃል፣ ቀኑን ሙሉ ተቁሞበት አሁን እንደወለቀ ጫማ። ሱብሃነላህ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ብዙም አልቆየ፣ ሶላቱ አለቀና ሰዉ ግር ብሎ ወጣ። ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸው በር ላይ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። «እንዴት ነዎት ጋሼ?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ፣ ደረጃው ነው» አሉኝ ፈገግ ብለው። ሌላ ቀን ቢሆን እሺ ብዬ እገባ ነበር። ግንባራቸውን ነካሁት፣ ላባቸው ውኃ ሆኗል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ስሜን ሲጠሩ ምላሳቸው ተሳሰረ። ለካ የስኳር መርፌያቸውን ተወግተው ምሳ ሳይቀምሱ ነው የሄዱት። ለስላሳ አስመጥቼ ቀስ እያልኩ አጠጣኋቸው፣ እስኪነቁ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሲነቁ «ሲስተር፣ የት ሄጄ ነበር?» አሉኝ።

ከድጃ ምሳውን ይዛ መጣች፤ ጋሽ ሸምሱን ስጠብቅ ውዬ አመሻሽ ላይ «ቅጹን አስገባሽ?» ስትለኝ ቢሮው ተዘግቷል። ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና ጫማውን በካርቶኑ አድርጋ ሰጠችኝ፣ «ይሄን ሌላ ሰው አያደርገውም» ብላ። ቅጹን አልፈረምኩትም። የተረከብኩት ገና አላለቀም፤ ሁለት የተባለችውን እናት ጫማ ሱቅ ቁጭ ብዬ የት አገኛታለሁ?

ሰባት ወር አለፈ። ለተግባር ልምምድ ከክፍሌ ተማሪዎች ጋር አንድ ሆስፒታል የወላድ ክፍል ተመድበን፣ ነጩን ጫማ አድርጌ ስገባ፣ ሁለት ቁጥር አልጋ ላይ አንዲት ልጅ እግር እናት ሕፃኗን ታቅፋ ትስቃለች። ተማሪዎቹ «ማሻአላህ፣ ስታምር» እያሉ ሰላም አሏትና አለፉ። እኔ እግሬ እንቢ አለኝ። «ይቅርታ እህቴ» ብዬ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ፣ ከወገቧ በታች አንሶላው በደም ርሷል፣ እሷ አልተሰማትም። ማህፀኗን ማሸት ጀመርኩ፣ ጮኼ ሐኪም አስጠራሁ፣ እጄ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ተረፈች። በገለጻው ቀን ከኋላ የሳቁብኝ ተማሪዎች ማታ መጥተው «ማዘር፣ እንዴት አወቅሽ?» አሉኝ፣ «ፊት አይታመንም» ብቻ አልኳቸው። ቤቴ ገብቼ በደስታም በፍርሃትም አለቀስኩ።

ተመረቅኩ። አሁን እዚያው ኮሌጅ የነርሲንግ ተማሪዎችን ተግባር አስተምራለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ መምህርት እባላለሁ፣ ጉልበቴም ትንሽ አርፏል። ርክክብን ሳስተምር «ተረክቤያለሁ ከማለታችሁ በፊት አስቡ» እላቸዋለሁ፣ ቀልድ ይመስላቸዋል።

የመለማመጃ ክፍላችን ሁለት አልጋ ነበረው፣ ሁለቱም ላይ የፕላስቲክ ሰው ተኝቷል። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ አልጋ አመጡልን፣ የሚተኛበት አሻንጉሊት ግን ገና አልደረሰም። ሠራተኞቹ ግድግዳው ጥግ ከሌሎቹ ቀጥሎ ሲያቆሙት አየሁ። ከዚያ አዲስ አንሶላ አወጣሁና አነጠፍኩት፣ ጥግ ጥጉን ወጥሬ።

ትናንት ተማሪዎቹ ወጥተው በሩን ስቆልፍ ከውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ አለ፣ ብረት ላይ፣ ሁለት ጊዜ። ልጆቹ ደረጃው ላይ እየተሳሳቁ ሲወርዱ ይሰማኛል፣ ልጠራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ተረክቤያለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ከፍቼ ገባሁ፣ ማንም የለም፣ አንሶላው እንዳነጠፍኩት ነው፣ አንድ ቦታ እንኳ አልተጨማደደም።

መዳፌን አሳረፍኩበት። ይሞቃል።

ነገ አርብ ነው፣ በጁምዓ ሰዓት ተማሪ የለኝም፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ነጩን ጫማ ጠርጌ በር ላይ አስቀምጬዋለሁ።