ማልያውን የመለሰ አባት

ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሐዲስ ከባለቤቱ ከአሰለፈችና ከአንድ ልጃቸው ከሙሉብርሃን ጋር ይኖር ነበር። ሐዲስ ማን እንደነበር የዛሬ ሰው ምን ያውቃል! ተከላካይ ሆኖ ጎል የሚያገባ! ኮርና ሲመታ ከኋላ እየጋለበ መጥቶ በቴስታ ሲገጨው የሚጫወትለት ፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ኮፍያውን ይወረውር ነበር። ሪጎሬም ቢገኝ መቺው እሱ ነው። ታዲያ ምን ተረፈው? በራዲዮ የተጠራው የአጥቂዎቹ ስም፤ እሱ ጉልበቱ ተሰብሮ እዚያው ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ቀረ።

ጉልበቱን የሰበረው ባላጋራ አልነበረም፤ የገዛ ቡድኑ አጥቂ ደሊል ነበር። አሰላ ላይ አንድ ኳስ ለመግጨት ሁለቱም ዘለሉ፤ ሲወርዱ ደሊል እላዩ ላይ ወደቀ። አልቅሶ ይቅርታ ጠየቀው። ሐዲስ ግን «ጎል በማግባቴ ቀንቶ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አላመነም። አሰለፈች ከጎረቤት ጋር ስትስቅ ካየ «ምን ብለው ነው?» ይላል፤ ሰው ሰላም ሲለው «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። ዘመኑስ ቢሆን ሰው የሚታመንበት ነበር? ወንድም ወንድሙን የሚጠቁምበት ዘመን!

በ1979 ዓ.ም. ደሊል የቀበሌው ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን አዲስ ማልያ ይዞ የአጥሩ በር ላይ ቆመ። መንገዱ ላይ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግተው ቆመዋል።

«ሐዲሴ፣ ልጁን ስጠኝ፤ እኔ ጋ ይጫወት።»

«የአባቱ ጉልበት አልበቃህም?»

«ወንድሜ፣ እባክህ ግባ በለኝ። ውስጥ ላስረዳህ።»

«ከአንተ ጋር ምን ምስጢር አለኝ? ያለህን እዚያው ሆነህ ተናገር!»

ደሊል ወደ ጠመንጃዎቹ ዞር ብሎ አየ። «ለዋንጫው ነው… ልጁ እንደ አንተ ጎበዝ ነው» ብቻ አለ። ሐዲስ ማልያውን ነጥቆ ደረቱ ላይ ወረወረበት።

«አባዬ፣ እባክህ!» አለ ሙሉብርሃን ከኋላው ሆኖ።

«ዝም በል! አንተን ወዶ መሰለህ?»

በዚያው ሳምንት ለውትድርና የወጣት አፈሳ ሆነ። የቀበሌው ተጫዋቾች ለልምምድ ተብለው ሶደሬ ተወስደው ነበር፤ ሙሉብርሃን ከደጃፉ ተያዘ። አሰለፈች የጫኑበትን መኪና ጠርዝ ይዛ «ኧረ አንድ ነው! ሌላ የለኝም!» እያለች ተጎተተች። ማን ሰማት? ዓመት ሳይሞላ ከሰሜን ግንባር የተመለሰ ቁስለኛ መርዶውን ይዞ መጣ… ልጁ አፈር እንኳ በወጉ አልለበሰም!

ያ ሲያጨበጭብ የኖረ ሕዝብ ለቅሶ አልደረሰም። የለቅሶውን ድንኳን የተከለው ደሊል ነው። ሐዲስ አፍጥጦ አየውና «አሁን ደስ አለህ?» አለው።

ደሊል እንባው ወረደ። «የቀበሌው ሊቀመንበር ኳስ ስለሚወድ ተጫዋቾቹን ከአፈሳ ያስመልጥልኝ ነበር። ለዚህ ነው የመጣሁት። ጠመንጃ ፊት ቆሜ እንዴት ልናገረው? ግባ አላልከኝም እኮ፣ ሐዲሴ…»

አሰለፈች ሰማች። የልጇ አርባ እስኪወጣ ቆየች፤ ከዚያ ልብሷን ቋጥራ ወለንጪቲ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ተነሳች። ሐዲስ በዚያ ሽባ ጉልበቱ እግሯ ላይ ወደቀ።

«ተነስ» አለችው። «እኔ ይቅር ብልህ ልጄ ይነሳል?»

ሄደች። አልተመለሰችም።

አይ ዕጣ! ጠላት ይመጣብኛል ብሎ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ ወዳጁን ከደጅ የመለሰ ሰው ምን ይባላል? ፈርዶበት ነው እንዳንል በሩን የዘጋው እሱ፤ ጥፋቱ የእሱ ነው እንዳንል እንዲህ ተጠራጣሪ ያደረገው ዘመኑ… እግዜር ይፍረድ እንጂ እኔስ ምን እላለሁ!